በድምፅ መልሺ

ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን «ወደዚህ ክፍል ከመምጣታችሁ በፊት ምን ትሠሩ ነበር? በአንድ ገጽ ጻፉ» አለችን። ክፍሉ የሕንፃ ንድፍ መግቢያ ነው። ከእኔ በቀር ተማሪዎቹ ሁሉ አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ስለሆነ ግማሽ ገጽ ለመሙላት እንኳ ሲቸገሩ አየሁ። አንዱ ፒዛ ቤት አንድ ክረምት መሥራቱን ጽፎ እርሳሱን አስቀመጠ። እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። አንድ ገጽ ስለተባልኩ አንድ ገጽ ብቻ በእንግሊዝኛ ጽፌ ሰጠሁ፤ ኅዳጉን እንኳ አላለፍኩም። አሁን የምጽፈው ያ ገጽ ያልበቃውን ነው።

ሥራዬ ሹፌርነት ነበር። በሲያትል ከተማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አሥራ ሁለት ሰው የምትይዝ ቫን ነድቻለሁ። ተሳፋሪዎቼ አዳዲስ ሕንፃዎችንና አዳዲስ የልብስ ንድፎችን ለማየት ብለው ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። ጡረታ የወጡ መሐንዲሶች፣ የፋሽን ተማሪዎች፣ ልብስ ቆራጮች፣ ገንዘብ አጠራቅመው በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ከተማ የሚጎበኙ ባልና ሚስቶች ይመጣሉ። ጠዋት ሕንፃ እናያለን፤ ከሰዓት የዝናብ ካፖርት የሚቆረጥባቸውንና የሚሰፋባቸውን ትንንሽ ወርክሾፖች እንዞራለን።

ከዚያ በፊት ዴ ሞይን ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። የቫኖቹ ባለቤት ጋሽ ተወልደ እንግዶቻቸውን የሚወስዱት ከዚያ ሆቴል ነው። አንድ ቀን ሎቢው ውስጥ የአንዲት እንግዳ ካፖርት ቅምቅማት ተተርትሮ አየሁና ከኪሴ መርፌና ክር አውጥቼ እዚያው ቆሜ ሰፋሁላት። ጋሽ ተወልደ በሩ ጋ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«መኪና ትነጃለሽ?» አሉኝ።

«እነዳለሁ።»

«ልብስ እንደምታውቂ አይቻለሁ። ሕንፃስ?»

«ሕንፃ አላውቅም ጋሼ።»

«እሱ ቀላል ነው፤ ሕንፃ ትልቅ ልብስ ነው» ብለው አድራሻ ሰጡኝ። ደመወዙ ከሆቴሉ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ እኔ ግን በሁለተኛው ቀን መልቀቂያዬን አስገባሁ።

ጋሽ ተወልደ ወላጆቻቸው አስመራ ተወልደው እሳቸው አዲስ አበባ ያደጉ፣ ቀጭን፣ ጫማቸው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ናቸው። አባታቸው ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነበሩ። «አባቴ ኮት ሲያመጡለት ፊቱን አያይም፤ መጀመሪያ ገልብጦ ገበሩን ነው የሚያየው» ይሉ ነበር። እሳቸውም ሕንፃን እንደዚያ ነው የሚያዩት። ሌሎች አስጎብኚዎች ስፔስ ኒድል ከተባለው ረጅም ማማ በታች ያለውን፣ የተጨማደደ ብረት የሚመስለውን ሙዚየም ከፊት ለፊት ፎቶ ያስነሳሉ። ጋሽ ተወልደ ግን በጓሮ ይወስዱንና የብረቱ ጣቃዎች እርስ በርስ የሚገናኙበትን ቦታ በጣታቸው እየተከተሉ «እዩ፣ እዚህ ጋ ሰፊው ተቸግሯል፤ እዚህ ጋ ደግሞ ደስ ብሎታል» ይላሉ።

ብዙ ልማድ ነበራቸው። ሕንፃ ልናይ ስንደርስ መኪናዬን በሩ ላይ አቁሜ አላውቅም፤ ሁለት ብሎክ ዝቅ ብዬ ፓርክ የማደርገው ሰው በእግሩ ሽቅብ እንዲደርስበት ነው። ሕንፃው ሲታይ ለሦስት ደቂቃ ማንም አይናገርም። «ሙሽራ ስትገባ ታሪኳን ይነግሯታል እንዴ? መጀመሪያ ትታይ» ይላሉ። የቫኗን መስኮት በየጠዋቱ ከውስጥ በኩል በጋዜጣና በኮምጣጤ እወለውላለሁ፤ ምክንያቱም በሲያትል ከውጭ ያለውን ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል፣ የሚያደበዝዘው የሰው ትንፋሽ ነው። ሰው ስቆጥርም በኮት ነበር። «ፊት ይመሳሰላል፣ ባርኔጣም ይወልቃል፤ ኮት ግን ባለቤቱን አይክድም» ይሉኛል።

ከሁሉ በላይ የምመኘው ማይኩን ነበር። ትንሽ፣ እጀታው በቀይ ክር የተጠመጠመ ማይክሮፎን ነው። ክሩን የጠመጠሙት ራሳቸው ናቸው። በእሳቸው ቤት ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ነበር፤ የሚነዳና የሚናገር። እኔ ነጂ ነበርኩ። መናገር ፈለግሁ። እንግሊዝኛዬ ሰባራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ያንን ሁሉ ነገር እያየሁ ዝም ብሎ መሪ መጨበጥ ከበደኝ። ሦስት ዓመት ጠብቄ አንድ ቀን «ጋሼ፣ ከሰዓቱን እኔ ልናገር» አልኳቸው። አላመነቱም። ማይኩን ሰጡኝና «ጓለይ፣ እንዳታፍሪ» አሉኝ። ጓለይ ማለት በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ደስ ሲላቸው ብቻ ነበር የሚሉት።

አሁን ስለ ሎሬን ልጻፍ። ብዘልላት የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ሎሬን ከክሊቭላንድ የመጣች የልብስ ቆራጭ ነበረች። ከጨርቅ ላይ ልክ አውጥታ በትልቅ መቀስ መቁረጥ ሠላሳ ዓመት የሠራችው ሥራ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የራሷን ልብሶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ልታሳይ ነበር። ሲያትል የመጣችውም ለዚያው ነው፤ የመሀል ከተማውን ቤተ መጻሕፍት መስተዋት፣ ያንን የአልማዝ ቅርጽ ያለው መረብ፣ በጨርቅ ላይ ልትቆርጠው አስባለች። የሰናፍጭ ቀለም ካፖርት ለብሳ ነበር። እጆቿ ትልልቅ፣ አውራ ጣቷ በመቀስ የደነደነ።

ቤተ መጻሕፍቱ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ ሁለት በር አለው። አንዱ ከታች ባለው ጎዳና፣ ሌላው ከላይ ባለው ጎዳና በኩል ነው። እኛ ሰውን በታችኛው በር አስገብተን፣ በውስጥ ወደ ላይ እየወጡ አይተው፣ በላይኛው በር እንቀበላቸዋለን። በሁለቱ በሮች መሀል ያለው የውጭ መንገድ በጣም ቁልቁል ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ያዳልጣል። ስለዚህ እንግዶችን በዚያ መንገድ አናስኬድም።

ያን ቀን ይዘንብ ነበር። ሌሎቹ አሥራ አንድ ኮቶች ላይኛው በር ላይ ተሳፈሩ፤ የሰናፍጩ ኮት የለም። መቆሚያ ስላልነበረ ዙሬ ለመመለስ ተነሣሁ። በዚያው መሀል ሎሬን ኮል አደረገች። ስልኩን በስፒከር ከፈትኩት። ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ እንግዶች ግን ጥሩ ይሉኛል።

«ጥሩ፣ ይቅርታ፤ አራተኛው ፎቅ ላይ ያለው ቀዩ ኮሪደር ያዘኝ። ወደ ላይኛው በር ትመጫለሽ አይደል? ጠብቄሽ ልቁም?»

መለስኩላት። ያን ጊዜ መመለሴን እርግጠኛ ነበርኩ። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ፣ እኛ «አዎ» እንደምንለው፣ በትንፋሽ መለስኩ።

«ሄሎ?» አለች። «ሄሎ? ጥሩ?» መስመሩ ተዘጋ።

መልሴ ስለደረሳት የዘጋችው መስሎኝ ዞርኩ። ላይኛው በር ስደርስ አልነበረችም። እሷ የሰማችው ዝምታ ነው። መስመሩ ተቋርጦ መኪናዋ መጀመሪያ በገቡበት በታችኛው በር በኩል እንዳለች ገምታ፣ ከላይኛው በር ወጥታ በውጭ በኩል ቁልቁል ወረደች። ጫማዋ ለስላሳ ቆዳ ነበር። ወድቃ ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ።

ሆስፒታል ስደርስ እጇ ታስሯል። አልጮኸችብኝም። «ሰምተሽኛል?» አለችኝ።

«ሰምቼሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልመለስሽልኝም?»

«መልሼልሻለሁ» አልኩና አሳየኋት፤ ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ።

 «እኛ ወርክሾፕ ውስጥ ሰው እንደዚያ ከተነፈሰ መቀሱ ስቷል ማለት ነው» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የአደጋ ፎርም ሞላሁ። «ሹፌሯ ለተሳፋሪዋ መልስ ሰጥታለች ወይ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ተወልደ አነበቡትና ጣታቸውን ቃሉ ላይ አሳረፉ።

«ምን ብለሽ መለስሽላት?»

«አዎ ብዬ።»

«እንዴት ብለሽ? በይ እስኪ።»

ሳብኩ። ጋሽ ተወልደ ወንበሩን ፈልገው ተቀመጡ። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። «እኔም እንዲሁ ነው የምመልሰው» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት በስልክ ስንቱን ሰው ዝም ብዬዋለሁ?» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «ማይኩን አምጪ።»

ሰጠኋቸው። ይግባኝ አላልኩም።

ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ነበር፤ አላባረሩኝም። በምትኩ በሚቀጥለው ሰኞ ባዶ ቫን አስነሡና ከኋለኛው ወንበር ተቀምጠው «ወደ ኤቨረት ንጂ» አሉኝ። በሰሜን በኩል ያለች ከተማ ናት፤ ረዘም ያለ መንገድ ነው። ገና ከከተማው ሳንወጣ ጀመሩ።

«ጥሩወርቅ፣ በሩ ተዘግቷል?»

ሳብኩ።

«አልሰማሁም!»

«ተዘግቷል፣ ጋሼ።»

«ዝናቡ እየበረታ ነው፣ አይደል?»

ሳብኩ።

«አልሰማሁም! ዓሣ ነሽ እንዴ? በድምፅ መልሺ!»

«አዎ! እየበረታ ነው!»

«እዚህ ያለሁት እኔ አይደለሁም፤ ሎሬን ናት። ለእሷ መልሺ።»

ማውንትሌክ ቴራስን ስናልፍ እያለቀስኩ «የስ! የስ! የስ!» እል ነበር። በአጠገባችን የሚያልፍ የጭነት መኪና ሹፌር አይቶን በጥሩምባ ሰላምታ ሰጠን። ጋሽ ተወልደም እጃቸውን አንሥተው በኩራት መለሱለት። ለሦስት ሳምንት በየሰኞው ኤቨረት ደርሰን ተመለስን። ይህ ልማድ በቀላሉ አይለቅም። አፍ ሳይሆን ሳንባ ነው የሚያስታውሰው። ሴት ልጄ መክሊት እንኳ ከትምህርት ቤት ስትደውል «ማሚ፣ ዩዝ ወርድስ፣ በቃላት መልሺ» ማለት ጀመረች።

በኋላ ከሎሬን ደብዳቤ መጣ፤ ሦስት መስመር። ልብሶቹን ረዳቷ ቆርጣቸው ትርኢቱ በቀኑ ተካሂዷል። «መርፌ መያዝ እችላለሁ። ትልቁን መቀስ ግን አልችልም» ይላል። ስድብም ይቅርታም አልነበረበትም። መልስ ጻፍኩላት፤ እሷ ደግማ አልጻፈችም። ይህንን አሁንም ይዤው ነው የምኖረው። በቅንነት ያደረግሁት ነገር የሌላ ሰው እጅ ወስዷል፤ ቅንነቴ አንጓዋን አልጠገነውም።

ማይኩ የተመለሰልኝ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የደመና ቀን ነበር፤ ጭጋጉ ወርዶ ስፔስ ኒድልን ከወገቡ በላይ ውጦታል። የብረቱ ሙዚየም በፀሐይ ወይን ጠጅም ወርቅም ይመስላል፤ ያን ቀን ግን እንደ አሮጌ ድስት ግራጫ ሆኖ ቆሟል። ከሩቅ የመጡ አሥራ ሁለት እንግዶች ፊታቸው ጨለመ። አንዱ «ይህን ለማየት ነው ሁለት አውሮፕላን የቀየርኩት?» አለ። ጋሽ ተወልደን ደግሞ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ጠፍቷል። ማይኩን አነሡ፤ የወጣው ማንቋረር ብቻ ነበር። ዞረው አዩኝ። ቀዩን ክር በጣታቸው አንድ ጊዜ ዳሰሱና ሰጡኝ።

እኔም ተናገርኩ። «ዛሬ ቀለሙ የለም» አልኩ፤ «ሶ፣ እድለኞች ናችሁ። ቀለም ዓይን ይሰርቃል። ጥሩ ልብስ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ባልደመቀ ጨርቅ ላይ ነው፤ ቆረጣው ብቻ ይቀራል። ኑ፣ ውረዱና ገልብጣችሁ እዩት።» በጓሮ ወሰድኳቸው። ባቡሩ ሕንፃውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ቦታ ጋ አቆምኳቸውና «ይህ የእጅጌ ቀዳዳ ነው፤ ክንድ ይጠብቃል» አልኩ። ሦስት ደቂቃ ዝም አልን። ባቡሩ መጣ። እጅጌው ውስጥ እንደ ክንድ ገባ። ሁለት አውሮፕላን የቀየረው ሰውዬ እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ ሳያነሣ ቆየ።

ስመለስ ጋሽ ተወልደ በዚያ በተዘጋ ድምፃቸው «ጓለይ» አሉኝ። ማይኩን አልጠየቁኝም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን ጥሩ ዘመን ነበር፤ ጥሩ ነበርኩም። ይህን ለትሕትና ብዬ ልደብቀው አልፈልግም። በጠዋት ብርሃን የትኛው ወንበር ላይ ማንን ማስቀመጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ውስጣቸው ዛፍ የተተከለባቸው፣ የመስተዋት ኳስ የሚመስሉ ሕንፃዎች ጋ ሰው ከዛፎቹ በፊት ምን ማየት እንዳለበት አውቃለሁ። አንድ የልብስ ተማሪ ዝናብ በሕንፃ ጠርዝ ላይ እንዴት እንደሚወርድ ካሳየኋት በኋላ የካፖርቷን ኮሌታ ስትቀይር አይቻለሁ። ጋሽ ተወልደ ሥራውን ለሌሎች ሸጠው ጡረታ ወጡና ዴ ሞይን ልጃቸው ቤት ገቡ። እኔ ቀጠልኩ። በኋላ እንግዶች ከስልካቸው በጆሯቸው የሚያወራ አስጎብኚ ይዘው ይመጡ ጀመር፤ አዲሶቹ ባለቤቶችም ቫኖቹን ሸጡ። ባለፈው የጸደይ ወር ቁልፉን አስረከብኩ። ማይኩን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ ቤቴ ነው።

ለምን ተማሪ ሆንኩ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገበሩን አይቻለሁ፤ ልኩ እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ፈለግሁ። ክፍል ውስጥ ከፊት ነው የምቀመጠው፤ የቤት ሥራዬን ከቀኑ አስቀድሜ ነው የማስረክበው። ማውንትሌክ ቴራስ ተወልዳ ያደገችው ሄለን፣ ከእኔ ሌላ አማርኛ የምትሰማው ብቸኛ ተማሪ፣ «እማማ ጥሩ፣ ዩ ሜክ አስ ሉክ ባድ» ትለኛለች፤ አሳጡን ማለቷ ነው።

ያን አንድ ገጽ ያነበበችው መምህራችን ከክፍል በኋላ አስቀረችኝ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ለጉብኝት ስንሄድ እኔ እንድመራ ጠየቀችኝ። ደረቴ ውስጥ አየሩ ሲገባ ተሰማኝ፤ ያዝኩትና «የስ» አልኩ።

ከሚገባው በላይ ተዘጋጀሁ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የመንገዱን ሥዕል አባዛሁ። በሁለቱ በሮች መሀል ያለውን ቁልቁለት በቀይ ቀለም ሰረዝኩት። ከዚያ ለጋሽ ተወልደ ደወልኩ። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት።

«ጋሼ፣ በዚያው ቤተ መጻሕፍት አሥራ ስምንት ልጆች ልመራ ነው። ቢመጡልኝ?»

«ፈርተሽ ነው?»

«አዎ» አልኩ፤ በድምፅ።

«ሶ፣ እመጣለሁ።»

መጡ። ዝናቡም መጣ። ባሱን ሁለት ብሎክ ዝቅ አድርገን አቆምነውና በእግር ሽቅብ ወጣን፤ ጋሽ ተወልደ ግን ሽቅቡን አይወጡትም ብዬ አስቀድመን በባሱ ታችኛው በር ላይ አውርደናቸው ስለነበር እዚያ ጠበቁን። ሦስት ደቂቃ ዝም አስባልኳቸው። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ተዉት። በውስጥ ወጣን፤ ቀዩ ኮሪደር ውስጥ ስንደርስ የሎሬንን ስም ሳልጠራ «አንዲት ሴት ይህን መስተዋት በጨርቅ ልትቆርጥ ፈልጋ እዚህ ቆይታ ነበር» አልኳቸው። ሄለን ሥዕል ሣለች። ላይኛው በር ጋ ሁለት ልጆች በአቋራጭ በውጭ በኩል ሊወርዱ ሲሉ መንገዱ አፍ ላይ ሄጄ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። «በውስጥ ነው፣ በአሳንሰሩ» አልኩ። «ግን ይቀርባል» አለኝ አንዱ። «ስለሚቀርብ ነው» አልኩት። ተመለሱ።

ባሱ ውስጥ መምህራችን የባሱን ማይክ ሰጠችኝ። ከፊት ቆሜ ኮት ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት። አንድ ኮት ከኋለኛው ወንበር ጀርባ ተሸፍኖብኛል። ጋሽ ተወልደ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ከዘራቸው በጉልበታቸው መሀል።

«ጋሼ፣ ከኋላ ሁሉም ገብቷል?»

ትከሻቸው ከፍ ሲል አየሁ። ደረታቸው ተነፋ። የሰማኋቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ አዎ ነው ያሉት። 

ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ። «አልሰማሁም! ዓሣ ነዎት እንዴ? በድምፅ ይመልሱ!»

ሄለን ወንበሯ ላይ ወድቃ ሳቀች። ሌሎቹ ምን እንደተባለ ሳያውቁ ወደ ኋላ ዞሩ። ጋሽ ተወልደ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ሁለቴ መቱና፣ ቤተ መጻሕፍቱን የነደፈው መሐንዲስ ሳይቀር የሚሰማቸው ይመስል፣

«አዎ! የስ! ሁሉም ገብቷል፣ ጓለይ!» ብለው ጮኹ።

ለሹፌሩ ነገርኩት። በሩን ዘጋ።